የዓሣ አጥማጅ ክረምት

በጣና ባሕር ዳርቻ የሚኖር ዓሣ አጥማጅ ክረምት በገባ ጊዜ ሁለት መንገድ ይቀርብለታል። አንዱ መረቡን ይዞ ወደ ርብ፥ ወደ ጉማራ ወይም ወደ መገጭ አፍ መሄድ ነው፤ ሁለተኛው መረቡን ከውሃ አውጥቶ መጠገን ነው። የፊተኛው ትርፉ ፈጣን ነው፤ ዳሩ ግን የሚመጣውን ዓመት ይበላዋል።

ይኸውም ሊቃውንት ላቤዎባርበስ የሚሏቸው፥ አብዛኞቹም በሌላ ውሃ የማይገኙ ዓሦች፥ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ብዙዎቹ ዕንቁላላቸውን ለመጣል ከባሕሩ ወደ ወንዞቹ፥ ጠጠር ወዳለበት ውሃ ስለሚወጡ ነው። ያን ጊዜ በወንዙ አፍ መረብ የሚዘረጋ፥ ይልቁንም ብርብራ ወቅጦ የሚበትን ሰው፥ እናቲቱን ከነዘሯ ያጠፋል። በ1980ዎቹ ዓመታት ቁጥራቸው እጅግ መቀነሱ በጥናት ታውቋል።

ለአጥማጁ ግን የክረምት ሥራ አይታጣም። የተቀደደውን መቋጠር፥ ዓይኑ የጠበበውን መረብ ለይቶ መተው፥ ተንሳፋፊውንና ማጥለቂያውን ማደስ፥ በኅዳር ወዴት እንደሚወጣ ከባልንጀሮቹ ጋራ መምከር አለበት። የዘብዴዎስ ልጆችም በተጠሩ ጊዜ መረባቸውን ሲያበጁ እንደ ነበር ካህናት ያውቃሉ።

ስለ ዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ወጥቷል። ነገር ግን ሦስት ወር ገቢ ያጣ ድኻ ልጆቹን በአዋጅ አያበላም። ስለዚህ ሹማምንት በወንዙ ዘበኛ ከማቆማቸው አስቀድሞ ለእህልና ለክር መግዣ የሚሆን ብድር ቢያዘጋጁለት፥ የየአጥቢያው ካህናትም ወንዙ የሚዘጋበትን ቀን ከቅዳሴ በኋላ ቢነግሩ መልካም ነው፤ ቃላቸው ከዘበኛው ይልቅ ይሰማልና። ይህም ሁሉ ሐምሌ ሳይገባ፥ በግንቦት ሊታሰብ ይገባዋል።