ለማታውቀው ሰው ሰፈርህን አትንገር

ወገኔ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ከቡይት ራስ በታች ካሉት መንደሮች በአንዱ የማታውቀው መንገደኛ ደጅህ ቆሞ «መሽቶብኛል፣ አሳድሩኝ» ቢልህ ምን ታደርጋለህ? ታስገባዋለህ። እግሩ ይታጠባል፣ እራት ይቀርብለታል፣ መደብ ላይ ይነጠፍለታል። ታዲያ እሳቱ ዳር ቁጭ እንዳለ አባትህ ይጠይቁታል። ከወዴት መጣህ? የማን ልጅ ነህ? ወዴት ነህ? ጠያቂው ባለቤቱ ነው፣ መላሹ እንግዳው። ዳባትም ደባርቅም ያደግነው እንዲህ ነው።

ቴሌግራም ላይ ግን ነገሩ ተገልብጧል። እንግዳው ይጠይቃል፣ ባለቤቱ ይለፈልፋል።

«ሰላም ወንድሜ፣ ፖስቶችህ ይመቹኛል» ብሎ ይጀምራል። ፕሮፋይሉ ላይ ባንዲራ ወይም የጀግና ፎቶ አለ፣ ስለዚህ የኛ ሰው ነው ትላለህ። (ፎቶ ለመለጠፍ እኮ ሁለት ሰከንድ ይበቃል!) የት ነህ? ደባርቅ። የት ሰፈር? ምን ትሠራለህ? ወንድሞችህስ? ከነማን ጋር ነው የምትውለው? አንዱም ብቻውን ምስጢር አይመስልም። በሦስት ቀን ሲደመር ግን ቤትህ ተገኘ ማለት ነው። ደባርቅ አዲስ አበባ አይደለም፤ «ከመናኸሪያው ጀርባ ያለው አስጎብኚው ልጅ» ከተባለ ሕፃን ልጅም በጣቱ ያሳያል። ስልክ ቁጥርህን ብቻ ብትሰጠው እንኳ ቴሌብር ላይ ብር እንደሚልክ ሆኖ ሲያስገባው ስምህ ይወጣለታል።

«እኔ ማን ነኝና ይሰልለኛል?» የሚል አይጠፋም። በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ውጭ አገር ለነበሩ የኢሳት ባልደረቦች በስካይፕ ፋይል ተላከላቸው። ጽሑፍ ይመስል ነበር፤ ውስጡ ግን ሃኪንግ ቲም የተባለ የጣሊያን ኩባንያ የሠራው የስለላ ሶፍትዌር ነበር። ይህን መርምሮ ያወጣው በካናዳ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ ነው። በ2007 ዓ.ም. የኩባንያው የራሱ ኢሜይሎች ሾልከው ሲወጡ ኢንሳ ደንበኛው እንደነበር ታየ። ጋዜጠኞቹ ሰው ይጠረጥሩ ነበር፣ አንተ ግን ከማታውቀው ሰው የመጣ ፋይል «ቪዲዮው ይሄውልህ» ስለተባልክ ብቻ ትከፍታለህ።

ደግሞ ሁሉም ሰላይ አይደለም። በየካቲት 2017 ዓ.ም. ምያንማር ውስጥ ካለ የማጭበርበሪያ ካምፕ 260 ሰዎች ተለቀው ወደ ታይላንድ ተሻግረው ነበር። ከ20 አገር የመጡ ናቸው፤ 138ቱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ከየትኛውም አገር የሚበልጥ ቁጥር! ወደዚያ ካምፕ የሚገቡት ብዙዎቹ ጥሩ ደሞዝ ያለው ሥራ አለ ተብለው ነው የሚሄዱት። ሥራው ቀኑን ሙሉ በሐሰት ስምና ፎቶ ከማያውቁት ሰው ጋር እየተጻጻፉ ገንዘቡን መብላት ሆኖ ይገኛል። እንግዲህ «የኔ ቆንጆ» እያለ የሚጽፍልህ ሰው እሱ ራሱ በዱላ የሚጠበቅ ምስኪን ሊሆን ይችላል። ብሩ ግን ከአንተ ነው የሚሄደው።

አሁን የሚከብደውን ልናገር። ገሚሶቻችሁ እንደማትወዱት አውቃለሁ።

ባሕር ዳር ላይ ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ የሚባሉ የኬሚስትሪ መምህር ነበሩ። በመስከረም መጨረሻ 2014 ዓ.ም. ፌስቡክ ላይ ስማቸው፣ ፎቷቸው፣ የሚሠሩበት ቦታና የሚኖሩበት ሰፈር ከክስ ጋር ተለጠፈ። ጥቅምት 24 ቀን ከሥራ ሲመለሱ ተከትለዋቸው ደጃፋቸው ላይ ተኩሰው ገደሏቸው። ልጃቸው ፖስቶቹ እንዲነሱ ደጋግሜ ለፌስቡክ አመልክቻለሁ ይላል። በ2015 ዓ.ም. ሜታን ናይሮቢ ከሰሰ፣ በመጋቢት 2017 ዓ.ም. የኬንያው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ አለ።

«ትግሬ ናቸው» ብለህ ልታልፈው ነው? አትለፈው። እሳቸው ላይ የተለጠፈው አድራሻ አንድ ከሚያውቃቸው ሰው አፍ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ያንተም እንዲሁ ሊወጣ ይችላል። እኛስ ግሩፕ ውስጥ «ባንዳ ነው» እየተባለ የሰው ፎቶና ሰፈር ስንቴ ሼር ተደረገ? ማን እንደላከው እንኳ ሳናጣራ! እንዲህ ያለ ፖስት ካለህ ዛሬውኑ አጥፋ። ይህን ማለት አያስፈራኝም።

ቴሌግራምህን ክፈት። ሴቲንግ፣ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ ግባ፤ ስልክ ቁጥሬን ማንም አይየው በል፣ በቁጥሬ የሚያገኙኝ ኮንታክቶቼ ብቻ ይሁኑ በል። ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን አስገባ። በቴክስት የሚመጣልህን ኮድ ለማንም አትስጥ፣ ለ«አድሚን»ም ቢሆን፣ ለኛም ቢሆን። ተራው ቻት ደግሞ ሲክሬት ቻት አይደለም፤ ሰርቨር ላይ ይቀመጣል።

አንቺ እህቴ፣ ፎቶሽን ይዞ «ካልከፈልሽ ለቤተሰብሽ እልካለሁ» የሚልሽ ካለ አትክፈይ። አንዴ ከከፈልሽ ነገም ይመጣል። መልእክቱን ስክሪንሾት አድርገሽ ያዢ፣ ለምታምኚው ታላቅ ሰው ንገሪ። በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 እንዲህ ያለ ማስፈራራት ወንጀል ነው። ወንድሞቿ ደግሞ ስትነግራችሁ መጀመሪያ እሷ ላይ አትጩኹ፤ ብዙዎቹ ዝም ብለው የሚከፍሉት እናንተን ፈርተው ነው።