በአያት ጉልበት ፑሽ አፕ አይሠራም

ጉዱ እንዲህ ነው። ወረኢሉ ውስጥ አንድ ግቢ የተከራየን ሦስት ሴቶች ነን። አንዷ ባንክ ትሠራለች፤ አንዷ የመሥሪያ ቤት ሒሳብ ትይዛለች፤ አንዷ ደግሞ ጋዜጠኝነት ተምራ የቢሮ ደብዳቤ ትጽፋለች። ሦስታችንም ቀን ስንቀመጥ እንውላለን፣ ማታ ስንቀመጥ እናመሻለን። አንድ ቀን አቀበት ወጥተን እንደ ወናፍ ስናለከልክ ተያየንና «በቃ፣ ስፖርት እንጀምር!» አልን።

ጂም የለንም፤ ቤት ግን አለን። ስልክም አለን። ስልኩ ውስጥ ደግሞ ሆዱ እንደ ታረሰ ማሳ ትልም ትልም የሠራ አሰልጣኝ አለ። «ለጀማሪ» የሚል የ30 ቀን ፕሮግራም መረጥን። በ3ኛው ቀን የባንኳ ልጅ ጉልበቷ አብጦ እግሯን ወንበር ላይ ሰቅላ ደንበኛ ታስተናግድ ጀመር። በ5ኛው ቀን የሒሳቧ ልጅ ዓይኗ ጨልሞባት ልትወድቅ ስትል ግድግዳ አዳናት። በ6ኛው ቀን ሦስተኛዋ ምንም ሳትሆን «እኔንም አሞኛል» አለች። (ማን እንደሆነች አንናገርም፤ ይህን ጽሑፍ የምትጽፈው እሷ ናት።)

ከዚያ ምን አልን? «ሰነፎች ነን» አልን። ዛሬ የመጣነው ይችን ቃል ልንመልስ ነው። ሰነፎች አይደለንም። ፕሮግራሙ የኛ አልነበረም፤ የመረጥንበት መንገድ ደግሞ ከፕሮግራሙ የባሰ ነበር።

እስኪ ደረጃችን እንዴት እንደተወሰነ ስሙ። ስልኩ «በሳምንት ስንት ቀን ስፖርት ትሠራለህ?» ብሎ ጠየቀ። («ትሠራለህ» ነው ያለው፤ ሴት መኖሯን ገና አልሰማም።) ለሳቅ ያህል አከራያችንን እትዬንም ጠየቅናቸው። «ስፖርት? እኔ? ምን በወጣኝ!» አሉ። ስልኩም «ጀማሪ» ብሎ ከኛ ጋር መደባቸው። እትዬ ግን ቧንቧ በጠፋ ቀን 20 ሊትር ጀሪካን፣ ማለትም 20 ኪሎ ውኃ አዝለው አቀበት የሚወጡ ሴት ናቸው። እኛ ያንን ጀሪካን ለሁለት ይዘን ሦስት ጊዜ እናርፋለን። እንግዲህ እሳቸውና እኛ አንድ ክፍል ተማሪዎች ሆንን ማለት ነው!

ቅጹ የጠየቀው ስለ ስፖርት ልብስ እንጂ ስለ ሰውነት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንኳ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ የቤት ሥራን፣ የሥራ ቦታ ድካምንና የእግር መንገድን ሁሉ ከእንቅስቃሴ ይቆጥራል። ሲመሽ ወገባቸውን ይዘው ለሚቀመጡት እትዬ 50 ስኳት መጨመር ሸክም ላይ ሸክም ነው፤ እሳቸውን የሚጠቅማቸው ዕረፍትና ትከሻና ጀርባን ማፍታታት ይሆናል። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ለዋለ ሰው ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ለሁለቱም አንድ ቪዲዮ የሚልክ ሰው ሁለቱንም አላያቸውም።

ሌላው ያሳሳተን የአያቶቻችን ዝና ነው። የወረኢሉ ልጅ ሲኮራ ወደ 1888 ዓ.ም. መሄዱ አይቀርም። አጤ ምኒልክ ለአድዋ ሲዘምቱ የሸዋን ሠራዊት በጥቅምት የቀጠሩት እዚሁ ወረኢሉ ነበር። ያ ሠራዊት ተራራ ወጥቶ ገደል ወርዶ፣ የካቲት 23 ቀን አድዋ ላይ ተዋጋ። ይሄን ስንናገር ደረታችን ይነፋል፤ ሳንባችን ግን አይነፋም። «እኛ እኮ የደጋ ልጆች ነን፣ በቆጂም ደጋ ነው፣ ደራርቱም በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ 10,000 ሜትር ያሸነፈችው የደጋ ልጅ ሆና ነው» እንላለን። እሺ፣ ደራርቱ ሮጣለች። እኛስ? ባጃጅ ስንጠብቅ ቆመናል። በአያት ጉልበት ፑሽ አፕ አይሠራም።

እንዲያውም ደጋው ራሱ ምክንያት ይሰጠናል። ወረኢሉ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ከሩብ በላይ ያነሰ ስለሆነ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። የለመደ ሰው በደህና ይኖርበታል፤ ቢሆንም ባሕር ዳር ቆሞ የተቀረጸ አሰልጣኝ የሚዘልበትን ፍጥነት እዚህ ሆኖ መከተል ሌላ ነገር ነው። ከቆላ በቅርብ የመጣ ሰው ከሆነማ አይነሣ።

ደግሞ ቁጥሮቹ! «4 ደቂቃ ብቻ ይበቃል» የሚባለው ታባታ ስሙን ያገኘው ከጃፓናዊው ተመራማሪ ኢዙሚ ታባታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመው ጥናት የተሠራው በወጣት ወንድ የስፖርት ተማሪዎች ላይ ነው፤ ባሉበት የሚዘወር ብስክሌት ላይ 20 ሰከንድ እስከ ጥግ እየጋለቡ፣ 10 ሰከንድ እያረፉ፣ እስኪዝሉ ድረስ። የሒሳብ ሠራተኛ አልነበረችበትም። «በቀን 10,000 እርምጃ» የሚባለውም የሐኪም ትእዛዝ ሆኖ አልተወለደም፤ እ.ኤ.አ. በ1965 አንድ የጃፓን ኩባንያ እርምጃ መቁጠሪያ ሲሸጥ ለዕቃው ያወጣለት ስም ነው። መራመድ ጥሩ ነው፣ ማን ጠላው? ግን 4,000 የሚራመድ ሰው 5,000 ሲደርስ መደሰት ሲገባው «ገና ግማሽ» ተብሎ አንገቱን ይደፋል።

የኛም ሙያ እጁ አለበት። ጋዜጠኝነት የተማርን ልጆች «በ21 ቀን ቦርጭ ደህና ሰንብት» የሚል ነገር ከኢንተርኔት ገልብጠን፣ ተርጉመን፣ ለማን እንደተጻፈ ሳንጠይቅ አቅርበናል። አምስቱን የዜና ጥያቄዎች ተምረን «ማን?» የሚለውን ረሳነው። ይቅርታ።

ታዲያ እንዴት ይመረጥ? በመጀመሪያ ራስን መፈተን ነው፤ ያለ ስልክ፣ ያለ ታዛቢ። 10 ደቂቃ ፈጠን ብላችሁ ተራመዱ። ማውራት እየቻላችሁ መዝፈን ካቃታችሁ ልኩ እሱ ነው፤ ማውራትም ካቃታችሁ ቀንሱ። እጃችሁን ሳትደግፉ ከወንበር 10 ጊዜ ተነሱ። ካቃታችሁ የእናንተ ስኳት እሱ ራሱ ነው፤ ሌላ አትፈልጉ። ፑሽ አፕ ከግድግዳ ይጀመራል፤ ከግድግዳ ወደ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛ ወደ አልጋ ጠርዝ፣ ከዚያ ወደ መሬት። ግድግዳ የገፋ ሰው አያፍርም። በየዙሩ «ሁለት ሦስት ይቀረኛል» ስትሉ አቁሙ። ስትጨምሩም አንድ ነገር ብቻ ጨምሩ፦ ወይ ቁጥር፣ ወይ ቀን፣ ወይ ክብደት። (ለክብደት ውኃ የተሞላ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን አለ፤ 5 ኪሎ፣ በነጻ።) የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴና ቢያንስ 2 ቀን የጡንቻ ሥራ ነው። እዚያ ባትደርሱም ጥቂቱ ከምንም እንደሚሻል መመሪያው ራሱ ይናገራል።

ሁለተኛ፣ ፕሮግራሙ ቤታችሁን ይወቅ። 30 ቀን ሙሉ ወደ ላይ ብቻ የሚወጣ ፕሮግራም 55 ቀን የሚጾመውን ሁዳዴም፣ ረመዷንንም አያውቅም። ወሎ ውስጥ ደግሞ በአንድ ግቢ ሁለቱም ይጾማሉ። በጾም ወቅት ሥራውን ቀንሶ ወደ መፈሰኪያው ሰዓት ማስጠጋት ስንፍና ሳይሆን ብልሃት ነው። ኔትወርክም አያውቅም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ስፖርታቸው ዩቲዩብ ላይ የነበረ ሰዎች ስፖርታቸውም አብሮ ተቋረጠ። ደብተር ላይ የተጻፈ አምስት መስመር ግን ማንም አያቋርጠውም።

ሦስተኛ፣ ሕመም ጀግንነት አይደለም። የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ በቅርብ የወለደች፣ መጀመሪያ ሐኪም ያነጋግሩ። ደረት ከወጋችሁ፣ ራስ ከሳታችሁ፣ ከከባድ ሥራ በኋላ ሽንታችሁ የቡና አተላ ከመሰለ ቪዲዮውን ትታችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ጡንቻ ከልኩ በላይ ሲጎዳ ኩላሊትን ይዞ ሊሄድ ይችላል።

እኛ አሁን በሳምንት ሦስት ቀን፣ 20 ደቂቃ እንሠራለን። ግድግዳውን ትተን ጠረጴዛው ላይ ደርሰናል። የባንኳ ልጅ ጉልበት ዳነ። እትዬ መጀመሪያ ሰሞን ስንዘል ሲያዩ «ልጆቼ፣ ምን ጠፍቶባችሁ ነው?» ይሉን ነበር። ያኔ መልስ አጣን። አሁን ብንጠየቅ ግን አለን፦ ጠፍቶብን የነበረው ልካችን ነው፤ አገኘነው። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ቧንቧ ጠፍቶ የእትዬን ጀሪካን ተቀብለናቸው አቀበቱን ወጣን። አንድ ጊዜ ብቻ አረፍን።