አረም ብለን የምንጥላትን ዘርተን እንብላት

ዛሬ ለአንዲት አረም ልሟገትላት ነው።

ታውቋታላችሁ። ሽንኩርት መደብ ውስጥ መሬት ለመሬት የምትሳበው፣ ግንዷ ቀላ ያለ፣ ቅጠሏ ትንሽ ሆኖ ወፍራምና ውኃ የቋጠረ፣ አበባዋ ቢጫ። ስሟ በየአካባቢው ይለያያል፤ ሱዳን ሠርቶ የተመለሰ ሰው ግን "ሪጅላ" ብትሉት ወዲያው ያውቃታል። እዚያ ገበያ ወጥታ ትሸጣለች፣ ከሥጋ ጋር ወጥ ትሠራለች። እኛ ደግሞ ነቅለን ማሳው ዳር እንጥላታለን። እሷ እቴ! በቋጠረችው ውኃ ሥር ሰዳ መልሳ ትነሳለች።

እኔም "ንቀሉ፣ ጣሉ" ስል የኖርኩ ነኝ። አሁን ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። ፀሐይ ጎመኑን ሲያጠወልገው እሷ በትንሽ ውኃ ትቆማለች። ኦሜጋ 3 የሚባለው ጠቃሚ ቅባትም ከአብዛኛው ቅጠላ ቅጠል የበለጠ አላት።

"ታዲያ ከማሳ እንልቀማት፣ መዝራት ምን አስፈለገ?" ትሉኝ ይሆናል። ማሳው ላይ ቱፎርዲ ምናምን እንረጫለን እኮ! ከተረጨ ማሳ የተለቀመ ቅጠል ለልጅ አይሰጥም። ደግሞ የምትመስላት፣ ስትቆረጥ ነጭ ወተት የምታወጣ መርዛማ አረም አለች። ወተት ካያችሁ ጣሉ። ጓሮ የዘራችሁትንም ቢሆን ስትቀጥፉ እያያችሁ ነው።

ዘሩን ካልተረጨ ቦታ ያዙ። የዘር ከረጢቷ ሲደርቅ ተክሉን ቆርጣችሁ ሸራ ላይ አስጡት፤ እንደ ባሩድ የደቀቀ ጥቁር ዘር ይራገፋል።

መደቡን አለስልሱና ዘሩን ከደረቅ አሸዋ ጋር ቀላቅላችሁ በትኑት። አፈር አታልብሱት! ብርሃን ካላገኘ በደንብ አይበቅልም። በመዳፍ ጫን ጫን አድርጉና ውኃውን በቀስታ አርከፍክፉ። አፈሩ ሞቃት ከሆነ ከሳምንት እስከ 10 ቀን ብቅ ይላል። ስንዝር ያህል ስትሆን ሥሯን ሳትነኩ ከመሬት ሦስት ጣት ከፍ አድርጋችሁ ቁረጡ፤ መልሳ ታቆጠቁጣለች።

"ማሳችንን ብትወርስብንስ?" ይህ እውነተኛ ስጋት ነው። አንዷ ተክል ብቻ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ዘር ትጥላለች፣ ዘሩም አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ስለዚህ መደቡን ከሽንኩርትና ከቲማቲም ማሳ አርቁ፤ ለዘር ከምትተዉት ከሁለት ሦስት ተክል በቀር ሌላውን ሳያፈራ ቁረጡ። ይህን የማትችሉ ከሆነ አትዝሩ።

ብርድ ስለማትችል ውርጭ ላለባችሁ ደገኞች አልመክርም። የኩላሊት ጠጠር ያለበት ሰውም ባይበላት ይሻላል። ሌላው ግን ቀቅሎ፣ ውኃውን ደፍቶ፣ በሽንኩርትና በዘይት እንደ ጎመን ይሥራት። ጣዕሟ መጠጥ ያለ ነው።

ቆላና ሞቃታማ ወይና ደጋ ያላችሁ፣ እርምጃ በእርምጃ የሆነች መደብ ሞክሩ። እናንተ ዘንድ ምን ተብላ እንደምትጠራም ከታች ጻፉልኝ።