ካና ለደጅም ለጓዳም

በከተማ ግቢዎችና በመንገድ ዳር አትክልቶች መካከል ቅጠሉ ሰፋ ብሎ፣ አበባው ቀይ፣ ቢጫ ወይም ብርቱካንማ ሆኖ የሚታየውን ካናን ያላየች እናት ጥቂት ናት። ብዙዎቻችን ግን ለዓይን ማረፊያ ብቻ የሚተከል አድርገን እንመለከተዋለን። ካና በአግባቡ ከተያዘ ደጅ ያስውባል፣ ዳቦ ይጋገርበታል፣ እጣቢ ውሃም ይመጥጣል። ዋናው ቁም ነገር ለየትኛው አገልግሎት የት እንደሚተከል ለይቶ ማወቁ ነው።

የካና የትውልድ አገሩ ሞቃታማው የአሜሪካ ክፍል ነው። በአንዲስ ተራሮች አካባቢ የሚኖሩ ሕዝቦች ሥሩን ለብዙ ሺህ ዓመታት ሲመገቡት ኖረዋል፤ በኢኳዶር ዛሬም ምግብ በቅጠሉ ተጠቅልሎ ይበስላል። በቬትናም ደግሞ ሥሩ ይፈጭና በውሃ ታጥቦ ይጠለላል፤ ነጩ ዝቃጭ ከረጋ በኋላ እንደ ፓስታ ያለ ቀጭን ምግብ ይሠራበታል። አሠራሩ ከእንሰት ቡላ የሚወጣበትን ዘዴ ያስታውሳል። ለአበባቸው ሲባል የተዳቀሉት ዝርያዎች ግን ሥራቸው አነስተኛ ስለሆነ ከእነርሱ ይህን መጠበቅ አይገባም።

አተካከሉ ወጪ አይጠይቅም። ሁለት ወይም ሦስት ዓይን ያለው የሥር ቁራጭ ከጎረቤት መለመን ይበቃል። ክረምቱ ሲቃረብ፣ በግንቦት መጨረሻ ወይም በሰኔ መጀመሪያ፣ ፀሐይ በሚያገኝ ቦታ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ጠልቆ ይቀበራል። በአንዱና በሌላው መካከል 50 ሳንቲ ሜትር ይተዋል። የበሰበሰ ፍግ ቢጨመርለት ይፋፋል። ፎቅ ላይ የሚኖሩ እናቶች ሥሩ የተበሳ ትልቅ ባልዲ ወይም የተቆረጠ ጀሪካን ሊጠቀሙ ይችላሉ። አበባው ያለቀበት ግንድ ከሥሩ ይቆረጣል፤ በየ3 ዓመቱም ተነቅሎ ይከፋፈላል። ውርጭ ቅጠሉን ቢያጠቁረውም ሥሩ አፈር ውስጥ ደኅና ከሆነ እንደገና ያቆጠቁጣል። ከቅጠሉ ሥር እንደ ዝገት ያለ ብርቱካንማ ዱቄት ከታየ ግን የታመመው ቅጠል ተቆርጦ መቃጠል አለበት።

የዕቃና የልብስ እጣቢ በግቢ ውስጥ ሲያቁር ይሸታል፣ ትንኝም ያራባል፤ ሕፃናትም ሲጫወቱ ይገቡበታል። ካና እርጥበት ስለሚወድ እጣቢው በሚወርድበት በኩል ጥልቀት የሌለው ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ጠጠር ሞልቶ፣ ዙሪያውን ካና መትከል ይጠቅማል። ሥሩ ውሃውንም በውስጡ ያለውንም ምግብ ይመጥጣል። በረኪና የበዛበት እጣቢ ግን ተክሉን ይጎዳል። የሽንት ቤት ፍሳሽም ፈጽሞ ወደዚያ መልቀቅ አይገባም።

ከዚህ ቦታ የተቆረጠ ቅጠል ወደ ጓዳ አይገባም። ለዳቦ የሚሆነው በንጹሕ አፈር ላይ፣ በንጹሕ ውሃ ያደገውና መድኃኒት ያልተረጨበት ብቻ ነው። ቅጠሉ በሚገባ ከታጠበ በኋላ በእሳት ላብ ለብ ይደረጋል፤ ሲለሰልስ እንደ ኮባ ከሊጡ ሥርና ላዩ ይነጠፋል። ከኮባ ስለሚያንስ ሁለት ሦስቱን ማደራረብ ያስፈልጋል።

እናቶች ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። አንደኛ፣ ሰፊ ቅጠል ሁሉ ካና አይደለም። በየሳሎኑ የሚቀመጠው ዲፈንባኪያ ሲታኘክ አፍንና ጉሮሮን ያቃጥላል፣ ያሳብጣልም። አበባውን አይተው ካና መሆኑን ያላረጋገጡትን ተክል ለምግብ አይንኩ። ሁለተኛ፣ የካና ፍሬ ጥቁርና እንደ ጥይት ጠንካራ ነው። በሌሎች አገሮች ለዶቃ ያገለግላል፤ ለትንሽ ልጅ ግን ጉሮሮ ላይ ሊሰነቀር ስለሚችል ሳይረግፍ መልቀም ይበጃል።

እንግዲህ በዚህ ክረምት ሁለት ሥር ካና ያገኘች እናት አንዱን ከእጣቢው ዳር፣ ሌላውን ከጓዳው አጠገብ ትትከል። ሁለቱንም አበባ ያስውባቸዋል፤ ሥራቸው ግን ለየብቻ ነውና አይቀላቀሉ።