ክርኑን የሚያስብ ተጫዋች

ጌዶ ውስጥ፣ ከአምቦ በጉደር አልፎ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ ፑል ቤት፣ የአንድ ወጣት አጨዋወት ሰሞኑን ሲያብሰለስለኝ ከረመ። ድሮ ጎንበስ ብሎ ይመታል፣ ኳሷ ትገባለች፤ በቃ። ስልኩ ላይ የአጨዋወት ትምህርት ማየት ከጀመረ ወዲህ ግን አገጩን እንጨቱ ላይ ያስተካክላል፣ ዞሮ ክርኑን ያያል፣ ጣቶቹን ይፈታል፣ መልሶ ይጨብጣል። የጠረጴዛውን ሒሳብ ተሸናፊ ነው የሚከፍለው፤ ከፋዩ እሱ ሆኗል። የሚገርመው፣ ባጃጅ ነጂ ጓደኛው ከደጅ ሲጠራው «መጣሁ!» እያለ በችኮላ የመታት ኳስ ከጥግ እስከ ጥግ ሄዳ ገባች። ትምህርቱን አልነቅፍም። ክርን የሚታረመው ግን ጠዋት፣ ጠረጴዛው ባዶ ሳለ ነው፤ ጨዋታ ከተጀመረ ዓይንም ሐሳብም የምትገባዋ ኳስ ላይ ይሁን። እጅ የለመደውን እየከፋፈሉ ሲቆጣጠሩት ይደናበራል። ታዋቂው ተጫዋች ሮኒ ኦሱሊቫን እ.ኤ.አ. በ1997 ሼፊልድ ላይ ፑልን በሚመስለው ስኑከር 147 ነጥብ ሲሞላ ከ5 ደቂቃ ተኩል ያነሰ ጊዜ ነው የፈጀበት፤ 36 ኳስ አከታትሎ ሲያስገባ ክርኑን መቼ ያስበው? (እርግጥ ከልጅነቱ የለመደው ነው።) ለጌዶው ልጅ የምመክረው ለጥቂት ሳምንታት ቪዲዮውን ትቶ ቶሎ ቶሎ እንዲመታ ነው፤ ቢስትም ይሳት።