ስኮላርሺፑ «ወደ አገርህ ተመለስ» ይላል፤ «ወደ ትምህርት ቤትህ» ግን አይልም

«መምህር ነኝ፤ በትምህርት አመራር ስኮላርሺፕ ካለ እባካችሁ ጠቁሙኝ።»

እንዲህ ያለ መልእክት በውስጥ መስመር ሳይደርሰን የሚያልፍ ሳምንት የለም። ጠያቂዎቹ የክፍል መምህራን፣ ርዕሰ መምህራን፣ ሱፐርቫይዘሮች፣ ገና የተመረቁ ልጆችም ናቸው። ዛሬ ሊንክ ለጥፈን ከማለፍ ጉዳዩን ትንሽ ዘርዘር አድርገን እንየው።

📌 ምን ምን አለ?

▪️ ሀምፍሬይ ፌሎሺፕ (አሜሪካ)፦ እ.ኤ.አ. በ1978 የተጀመረ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪና ቢያንስ አምስት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል። አሥር ወር ያህል ይፈጃል፣ ዲግሪ ግን አይሰጥም። የትምህርት አስተዳደርና ዕቅድ ከዘርፎቹ አንዱ ነው።

▪️ ቺቪኒንግ (እንግሊዝ)፦ ሙሉ ወጪ የሚሸፍን የአንድ ዓመት ማስተርስ። ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይፈልጋል።

▪️ የጀርመኑ ዳድ፦ ከታዳጊ አገሮች ለሚመጡ ባለሙያዎች በሚያዘጋጃቸው ፕሮግራሞች ውስጥ የትምህርት ዘርፍም አለ። እዚህም ሁለት ዓመት ልምድ ያስፈልጋል።

▪️ ቲች ፎር ኢትዮጵያ፦ እዚሁ አገር ቤት ያለ። ተመራቂ ወጣቶች ለሁለት ዓመት የመንግሥት ትምህርት ቤት ገብተው ያስተምራሉ፤ ጎን ለጎን የአመራር ሥልጠና ያገኛሉ።

▪️ በትምህርት ቤት አመራር የድህረ ምረቃ ዲፕሎማ፦ ዩኒቨርሲቲዎች ለርዕሰ መምህራንና ለሱፐርቫይዘሮች በክረምት የሚሰጡት።

ዝርዝሩን ያየ ሰው «በር ሞልቷል» ሊል ይችላል። ከውጭ የሚመጣው በር ግን ባለቤቱ በፈለገ ጊዜ ይዘጋዋል። 2017 ዓ.ምን ማስታወስ ይበቃል። ጥር 12 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ለ90 ቀን አገደ። የካቲት ላይ የፉልብራይት ገንዘብ ለጊዜው ተቋርጦ ተማሪዎች ባሉበት ጭንቅ ውስጥ ገቡ። ሰኔ 24 ደግሞ ዩኤስኤድ ሥራውን አቆመ። እኛ አገር በአፍ መፍቻ ቋንቋ ንባብና በመምህራን ሥልጠና ላይ ለዓመታት ሲሠራ የነበረ ተቋም ነበር።

📌 ዕድሉ ለማን ይደርሳል?

ሁለት አመልካቾችን እናስብ። አንዷ አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ የምትሠራ ባለሙያ ናት። ኢንተርኔት አላት፣ እንግሊዝኛ በየቀኑ ትጽፋለች፣ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍላት ኃላፊ ከጎኗ ቢሮ ነው። ሌላው ከወረዳው ከተማ ሁለት ሰዓት በእግር የሚያስኬድ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ነው። ኔትወርክ ለማግኘት ኮረብታ ይወጣል። የድጋፍ ደብዳቤ ሲጠይቅ «አንተ ስትሄድ ማንን ልንተካ ነው?» ይባላል። የትምህርት ፈቃድ ቢያገኝ ደግሞ ዋስ አምጣ ይመጣል።

ፎርሙ ላይ ያለው ጥያቄ ግን ለሁለቱም አንድ ነው፦ «የመሪነት ብቃትህን በምሳሌ አስረዳ»። የሚገርመው፣ ምሳሌው የሞላው ርዕሰ መምህሩ ጋ ነው። ያቋረጡ ልጆችን ቤት ለቤት ዞሮ መልሷል፣ ከወላጅ ጋር ተማክሮ ክፍል አሠርቷል። ይህን በእንግሊዝኛ ድርሰት አድርጎ ማቅረብ ግን ሌላ ሙያ ነው።

📌 ከተመለሱ በኋላስ?

ቺቪኒንግ ያሸነፈ ሰው ትምህርቱን ጨርሶ ቢያንስ ሁለት ዓመት አገሩ ላይ መቆየት አለበት። ሀምፍሬይም ተመሳሳይ የሁለት ዓመት ግዴታ አለው። የሁለቱም ግዴታ ግን የአገር እንጂ የትምህርት ቤት አይደለም። አንድ ርዕሰ መምህር ተምሮ ተመልሶ በማግስቱ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ ቢቀጠር ውሉን አላፈረሰም።

ለምን እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን። ማስተርስ ይዞ ተመልሶ እዚያው ወንበር ላይ፣ ከቤት ኪራይ በማያልፍ ደሞዝ ተቀመጥ ማለት ከባድ ነው። እሱን አንወቅስም። ጥያቄያችን ሥርዓቱ ላይ ነው። መምህርን «ለማብቃት» የወጣ ገንዘብ መጨረሻው መምህሩን ከትምህርት ቤት ማውጫ መሰላል ከሆነ፣ የተጠቀመው ማን ነው?

ጉዳዩ ቀልድ እንዳልሆነ የ12ኛ ክፍል ውጤት ይነግረናል። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ነበሩ። ለውጥ አለ። ግን በ2015 አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1,300 በላይ እንደነበሩ አንርሳ። ጥሩ ርዕሰ መምህር ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው እዚያ ነው። የውጭ ስኮላርሺፕ በብዛት የማይደርሰውም እዚያው ነው።

📌 ምን ይሻላል?

እኛ እንደሚመስለን የክረምቱ መንገድ ከሚገባው በታች ነው የተወራለት። ርዕሰ መምህሩ ክረምት ይማራል፣ መስከረም ላይ የተማረውን ይዞ እዚያው ትምህርት ቤት ይገኛል። ዝና የለውም፣ አየር ማረፊያ ላይ ፎቶ አያስነሳም። ተማሪው ግን ርዕሰ መምህሩን አያጣም። ለትምህርት ገንዘብ የሚሰጡ አካላት ከአንድ የውጭ ዕድል ጎን ለብዙ የገጠር ርዕሰ መምህራን የክረምት ወጪ ቢሸፍኑ፣ ተምሮ ለሚመለስም በትምህርት ቤቱ እያለ የሚያድግበት ደረጃና ደሞዝ ቢኖር፣ ሥዕሉ ይለወጣል። ወደ ውጭ መሄዱም ይቅር አንልም። ሌላ አገር አይቶ የመጣ ሰው የሚያመጣው ነገር አለው፤ የሚያርፍበት ቦታ ይዘጋጅለት ነው የምንለው።

📌 ለማመልከት ላሰባችሁ

✔️ የሠራችሁትን ከአሁኑ በቁጥር መዝግቡ። «ተማሪዎችን ረድቻለሁ» ከማለት «ካቋረጡት ስንቱ ተመለሱ፣ እንዴት» ብሎ መጻፍ ይሻላል።
✔️ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍላችሁን ሰው ከወራት በፊት አናግሩ።
✔️ የቀረበላችሁን ውል፣ በተለይ የግዴታ ዓመቱን፣ አንብባችሁ ፈርሙ።
⚠️ «ፕሮሰሱን እኛ እንጨርስላችኋለን» ብሎ ብር የሚጠይቅ ካጋጠማችሁ ተጠንቀቁ። ለቺቪኒንግም ሆነ ለሀምፍሬይ ማመልከት በነፃ ነው።

ተምራችሁ ወደ ትምህርት ቤታችሁ የተመለሳችሁ አላችሁ? ምን ገጠማችሁ? ሳትመለሱ የቀራችሁስ ምን ቢኖር ትመለሱ ነበር? ኮሜንት ላይ ጻፉልን፤ ስማችሁ እንዲጠቀስ ካልፈለጋችሁ በውስጥ መስመር ላኩልን።