የዘመኑ እልፍኝ አስከልካይ

በነገሥታቱ ግቢ እልፍኝ አስከልካይ የሚባል ሹመት ነበረ። ሥራው በስሙ ውስጥ ነው፤ ወደ ጌታው እልፍኝ ማን እንደሚዘልቅ፣ ማን ደጅ ሲጠና እንደሚውል የሚለይ እርሱ ነው። ሹመቱ ከዘውዱ ጋር የቀረ መስሎን ነበር። ዳሩ ግን ወደ አንዱ ትልቅ አየር ማረፊያ ጎራ ብትሉ፣ ከመስታወት በር አጠገብ፣ ደንብ ልብሱን ለብሶ ታገኙታላችሁ። ላውንጅ ከሚባለው እልፍኝ ፊት ቆሞ ካርድ ይመረምራል። ወርቅ የያዘ ይገባል፤ ሰማያዊ የያዘ ይመለሳል።

እኔም አንድ ጊዜ ገብቻለሁ፤ በራሴ ማዕረግ ሳይሆን በወዳጄ ካርድ፣ እንግዳው ተብዬ። አገሩንና አየር ማረፊያውን አልጠራም። ለስላሳ ወንበር፣ ትኩስ ምግብ፣ ገላ መታጠቢያ፣ እንደ ቤተ ክርስቲያን የረጋ ጸጥታ ነበረ። ጥቂት ቆይቼ ስልክ ለማናገር ወጣ ስል፣ ከምሰሶው ሥር መሬት ላይ የተቀመጠች ሴት በአማርኛዬ ቀና አለች። ነጠላዋ ላይ ሕፃን ተኝቷል። አገሯን ብጠይቃት «ሳንጃ» አለችኝ። ከጎንደር ወደ ሁመራ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው፣ የታች አርማጭሆዋ ሞቃት ሳንጃ። ቤይሩት ሰው ቤት ስትሠራ ኖራ፣ በአራት ዓመቷ ወደ አገሯ መመለሷ ነው። የሚቀጥለውን አውሮፕላን ስትጠብቅ ሰባት ሰዓት አልፏታል፤ አራት ይቀራታል።

አንባቢ ሆይ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚከነክነኝ ይህ ነው። በእርሷ አገር መንገደኛ ሲመሽበት ከአጥር ውጭ ቆሞ «ቤቶች! የመሸበት የእግዜር እንግዳ!» ይላል። ስንት ጊዜ በዚህ መንገድ አልፈሃል ብሎ የሚጠይቀው የለም። ይልቁንም ከሩቅ በመጣ፣ በደከመ፣ እግሩ በአበጠ መጠን ክብሩ ይጨምራል፤ ውሃ ሞቆ እግሩ ይታጠባል፣ መደቡም ይለቀቅለታል። የማስተናገድ መለኪያው ድካም ነው። ላውንጁ ግን ይህን ገልብጦታል። በአውሮፕላኑ አልጋ ላይ ተዘርግቶ ያደረው ሰው ሲወርድ ደግሞ ሶፋና መታጠቢያ ይጠብቀዋል፤ ልጅ ታቅፋ ቁጭ ብላ ያደረችው ወለሉ ይጠብቃታል። ያረፈው እንዲያርፍ፣ የደከመው እንዲደክም የተሠራ ቤት ነው።

ነገሩ ከእኛ አልተጀመረም። አሜሪካን ኤርላይንስ «አድሚራልስ ክለብ» ያለውን ማረፊያ በኒው ዮርክ የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1939 ነው። ማይል እየቆጠሩ መሸለሙን ደግሞ ይኸው ኩባንያ በ1981 አስፋፋው፤ ሌሎቹም ተከተሉት። የእኛው አየር መንገድ ማኅበር «ሼባማይልስ» ይባላል፤ አባላቱን ሰማያዊ፣ ብር፣ ወርቅ፣ ፕላቲነም እያለ በማዕድን ይመድባል። በ2011 እ.ኤ.አ. ስታር አላያንስ ውስጥ ከገባ ወዲህ የእኛ ወርቅ የሌሎች አገሮችንም እልፍኝ ይከፍታል።

ስሙ ግን ያስቀኛል። በክብረ ነገሥት እንደምናነበው ንግሥተ ሳባ 797 ግመል አስጭና ኢየሩሳሌም ደርሳ የተመለሰችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አንድ ደርሶ መልስ! በስሟ በተሰየመው ማኅበር ሚዛን ብትመዘን ሰማያዊ አባል ናት፤ የገዛ ስሟ ያለበት በር ይመልሳታል። (ሰሎሞን ያቀረበላት ግብዣም ቢሆን ወጥመድ ነበረበት፤ ቅመም የበዛበት አብልቶ በውሃ ጥም እንደ ያዛት እናውቃለን። እንግዲህ ሁኔታ ያለበት መስተንግዶ ጥንትም ነበረ።)

ሒሳቡን ልሥራው። ከአዲስ አበባ ቤይሩት በአየር 1,700 ማይል ገደማ ነው፤ ደርሶ መልሱ 3,400። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ግን አንዱ መንገድ ብቻ ከ7,000 ማይል ይበልጣል። የሳንጃዋ ሴት በአራት ዓመት አንዴ የምትመጣ ከሆነ፣ አንድ ሹም ለአንድ ሳምንት ስብሰባ ዋሽንግተን ሄዶ ሲመለስ የሚያገኘው ማይል እርሷ በ16 ዓመት ከምታገኘው ይበልጣል። ያውም ርካሹ ትኬት ሙሉ ማይል ቢያስቆጥርላት ነው። እርሷ ትኬቷን በጉልበቷ ገዝታለች፤ ሹሙን የላከው የሕዝብ ገንዘብ ነው። ማይሉ የሚጻፈው ግን በሹሙ ስም ነው። ግብር ከፋዩ የሳንጃ ሰሊጥ አምራች በከፈለው፣ ሹሙ ወርቅ ይሆናል።

ይህን ያልኩት እኔ ብቻ አይደለሁም። ጀርመን አገር ግሬጎር ጊዚ በ2002 እ.ኤ.አ. ከበርሊን የኢኮኖሚ ሴናተርነቱ የለቀቀው በመንግሥት ጉዞ ያጠራቀመውን ማይል ለግሉ በመጠቀሙ ነው። አሜሪካኖች በአንጻሩ በ2001 ማብቂያ ባወጡት ሕግ የመንግሥት ሠራተኛ ማይሉን ለራሱ እንዲወስድ ፈቀዱ። ቢያንስ ተከራክረው ወሰኑ። እኛ ዘንድ ጥያቄው እንኳ ሲነሣ አልሰማሁም።

«ንግድ ነው፤ ደንበኛ ካልተያዘ አውሮፕላን አይገዛም» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት አለው። በመጋቢት 1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው አየር መንገድ እዚህ የደረሰው ሒሳብ በማወቁ መሆኑን አልክድም፤ እኮራበታለሁም። ውድ ትኬት በገዛ ገንዘቡ የገዛ ሰው ሶፋ ላይ ቢቀመጥ አልቀናበትም። ነገር ግን አየር መንገዱ የመንግሥት፣ ማለትም የሕዝብ ንብረት ነው። በሕዝብ ገንዘብ የተበረረ ማይል ወደ ከፋዩ መሥሪያ ቤት ቢመለስና ለሚቀጥለው ጉዞ ትኬት ቢቆረጥበት ማን ይጎዳል? ልጅ ይዛ ግማሽ ቀን ለምትጠብቅ እናት ጀርባዋን የምታሳርፍበት አንድ ክፍል ቢለይላት ወርቁ ይደበዝዛል? በጎንደር የግብር አዳራሽ እንኳ ሰው በማዕረጉ ተራ ይግባ እንጂ የኋለኛው ተራም ይደርሰው ነበር። የላውንጁ ተራ ግን ለኋለኛው አይደርስም።

የሳንጃዋ ሴት ያን ቀን የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ጋሼ፣ እርስዎ የገቡበት ቤት ውሃ ይሸጣል?» አለችኝ። አይሸጥም፣ በነጻ ነው ለማለት አፍሬ «ላምጣልሽ» ብዬ ተመለስኩ። ሁለት ጠርሙስ ይዤ ስወጣ ባለ ደንብ ልብሱ በትሕትና እጁን ዘረጋ፤ ከዚህ ምንም ይዞ መውጣት አይቻልም አለኝ። አንዱን እዚያው ባንኮኒው ላይ ትቼ፣ ሌላውን ከፍቼ የተጎነጨሁ መስዬ ይዤው ወጣሁ። ቀድማ ለልጁ አጠጣችው። ከዚያም ቦርሳዋን ከፍታ ዳቦ ቆሎ በእፍኝ ዘግና ሰጠችኝ፤ «ይቅመሱ እንጂ፣ እንዲሁማ አይሄዱም» እያለች።